የጥንድ ዘፈን ውድድር ቀረጻ፦ ከባሕር ዳር የሥራ ማስታወሻ

ከጥምቀት ማግስት፣ የጊዜ ሰሌዳ

ስድስት ዝነኞች ከስድስት ሙያተኛ ድምፃውያን ጋር ተጣምረው፣ በጣና ዳር በሚገኝ የአትክልት ቦታ በሚተከል መድረክ ላይ በባንድ እየታጀቡ ይዘፍናሉ፤ በየምሽቱ አንድ ጥንድ ይሰናበታል፤ ቀረጻው ከተስተካከለ በኋላ ለቴሌቪዥን ይሰጣል። ከዝነኞቹ መካከል የቀድሞ የእግር ኳስ በረኛ፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛ፣ የመድረክ ተዋናይትና ኮሜዲያን ይገኙበታል፤ አንዳቸውም በዘፈን እንጀራ በልተው አያውቁም። ለእኔ የተሰጠኝ የድምፁና የሙዚቃው ዝግጅት ስለሆነ ይህ ማስታወሻ ስለ አልባሳትና ስለ መድረክ ጌጥ ብዙም አይናገርም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቢቢሲ በ2006 እ.ኤ.አ. «ጀስት ዘ ቱ ኦፍ አስ» በሚል ስም ዝነኞችን ከድምፃውያን ጋር ያጣመረ ውድድር ጀምሮ ሁለት ዙር አስተላልፏል፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካው ፎክስ «ሰለብሪቲ ዱዌትስ» የተባለውን አቅርቦ ተዋናዩ አልፎንሶ ሪቤሮ አሸንፎበታል። የቴሌቪዥን ውድድር ቅርጽ በፈቃድ የሚሸጥ ንብረት በመሆኑ የእነዚያን ስም፣ ምልክትና የመድረክ አቀራረብ አልነካንም፤ የወሰድነው ማጣመሩን ብቻ ነው። ለዘፈኖቹም እንዲሁ ጥንቃቄ ተደርጓል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስላለ ደራሲያቸው ከሚታወቅ ዘፈኖች የጽሑፍ ፈቃድ ያገኘንባቸውን ብቻ አስቀርተን የቀሩትን በሕዝብ ዜማዎች ተክተናል።

ዋናው ችግር የቀን መቁጠሪያው ነው። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ባንድም ሆነ ድምፃዊ ማግኘት የማይታሰብ ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ዘፈኑ ይቆማል፤ ስለዚህ ያለን ጊዜ ከጥምቀት እስከ ቅበላ ያለው ብቻ ሲሆን ከእሱም ውስጥ የሥራ ቀናቱ ናቸው። ሰኞም ቢሆን ለልምምድ እንደማይሆን ቶሎ ታወቀ፤ ሁለት ቀን ሠርግ ላይ የዋለ ድምፃዊ ሰኞ ጠዋት ድምፁ ሻክሮ ስለሚመጣ የእሱን ድምፅ መሠረት አድርጎ የሚወሰን ኪይ (ዘፈኑ የሚነሣበት የድምፅ ከፍታ) ሐሙስ ላይ ይፈርሳል። ልምምዱ ማክሰኞና ረቡዕ፣ ቀረጻው ሐሙስ ምሽት እንዲሆን ተወስኗል።

የኪይ ፍለጋ

እያንዳንዱን ዝነኛ ኪቦርድ አጠገብ አቁመን ድምፁ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ ለካን። በረኛው ከመካከለኛው ሲ (በኪቦርዱ መሐል ካለው ሲ ከተባለው ኖታ) በታች ካለው ሁለተኛው ኤ ተነሥተው ከመካከለኛው ሲ አንድ ቶን በላይ እስካለው ዲ ይደርሳሉ፤ ነገር ግን ያቺን ዲ የሚነኳት አንገታቸውን ቀና፣ ትከሻቸውን ከፍ አድርገው ስለሆነ ለውድድር የምትታመን አይደለችም። እሳቸው የሚዘፍኑት የሙሉ ትዝታ ቅኝት ዜማ ከመነሻው አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ ከላይ እስከሚደገምበት ድረስ) ወጥቶ ሌላ አንድ ቶን ይጨምራል። አጣማሪያቸው ድምፃዊት ይህን ዜማ ዘወትር የምትዘፍነው በዲ ነው። እሳቸው በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው ቢከተሏት ከፍተኛው ኖታ ኢ ላይ ያርፋል፤ ይህም ከአቅማቸው ጣሪያ በላይ ነው። ወደ ሲ ብናወርደው ያች የማትታመነው ዲ ትጠብቃቸዋለች። ስለዚህ ወደ ቢ ፍላት ወረድንና የእሳቸው ከፍተኛ ኖታ መካከለኛው ሲ ሆነ፤ ደረታቸው ተረጋጋ፣ ቃሉም ይሰማ ጀመር።

በዚህ ጊዜ ቅሬታው ከድምፃዊቷ በኩል መጣ። ሁለት ቶን ስትወርድ የዜማው መነሻ ደረቷ ውስጥ ይቀራል፣ ሰው የሚያውቀው የድምፅዋ ብርሃንም ይጠፋል። ቅሬታዋ እውነት ነው፤ ሆኖም በዚህ ዓይነት ውድድር ውስጥ ወርዶ መጠበቅ ያለበት መውረድ የሚችለው ነው እንጂ መውጣት የማይችለው አይደለም። ይህን ለስድስቱም ጥንዶች ደንብ አደረግነው፦ ኪዩን የሚወስነው የዝነኛው ድምፅ ነው፤ ሙያተኛው ራሱን የሚያሳይበት ቦታ ግን በዜማው መሐል ይሰጠዋል። ለድምፃዊቷ ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ብቻዋን በላይኛው ኦክታቭ የምታንጎራጉርበት ክፍል ተከፈተላት፤ በዚያ ክፍል በረኛው ዝም ይላሉ፤ ዝም ማለታቸውንም በሚገባ ተለማምደውታል።

የጥንዱ ኪይ ሁሉ የተለያየ መሆኑ ደግሞ የባህል መሣሪያዎቹን ነካ። ማሲንቆ ተጫዋቹን በየዘፈኑ ኪይ መቀያየሩ ይከብድዎታል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ የማሲንቆ ጭራ አንድ ነው፤ የት ልሂድ ብትለኝ እሄዳለሁ። ክራሩን ጠይቅ» አሉኝ። ነገሩ እንዳሉት ነው። በአንድ ኪይ ላይ ሆኖ ከሙሉ ትዝታ ወደ ግማሽ ትዝታ ለመሄድ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ድምፅ በግማሽ ቶን ማውረድ ይበቃል፤ በክራር ላይ ይህ የሁለት ክር ሥራ ነው። ኪይ ሲቀየር ግን ስድስቱም ክሮች ይነካሉ፤ አዲስ የተወጠረ ክር ደግሞ ወዲያው ስለሚላላ ዘፈኑ መሐል ላይ ሲደርስ ክራሩ ከኪቦርዱ ጋር ይጣላል። ሁለተኛ ክራር ተከራየን፤ አንደኛው ሲሠራ ሌላው ከመድረክ ጀርባ ለሚቀጥለው ጥንድ ተቃኝቶ እንዲቀመጥ ሆነ። የዘፈኖቹም ቅደም ተከተል በዕጣ መሆኑ ቀርቶ ተቀራራቢ ኪይ ያላቸው እንዲከታተሉ ተደረገ። ፕሮዲዩሰሩ ዕጣውን በካሜራ ማሳየት ፈልጎ ስለነበር አልወደደውም፤ ለክራር ተጫዋቹ ግን ግማሽ ሥራ ቀነሰለት።

ሁለት ድምፅ እንዴት ይገናኛል

የውጭዎቹን ፕሮግራሞች የተመለከተ ሰው ጥንድ ዘፈን ማለት አንዱ ዜማውን ሲይዝ ሌላው ከበላዩ ወይም ከበታቹ በሦስተኛ ድምፅ (ከዜማው ኖታ ሲቆጠር ሦስተኛ በሆነው ኖታ) እየተከተለ የሚያጅብበት ነው ብሎ ይጠብቃል፤ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋችም መጀመሪያ ያቀናበረው እንዲሁ ነበር። በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ይህ ሁልጊዜ አያምርም። ሦስተኛውን ድምፅ ስትፈልግ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ኖታ ይመጣና ትዝታው ትዝታነቱን ያጣል፤ በአንቺሆዬ ቅኝት ላይ ደግሞ ጭራሽ ዜማው ይጠፋል። የመድረክ ተዋናይቷ በጣም ጥሩ ጆሮ እያላት እንኳ ይህን ሁለተኛ ድምፅ ስትይዝ ወደ አጣማሪዋ ዜማ እየተንሸራተተች ተቸገረች።

አቀናባሪው ሙሉውን ሰርዞ በቅብብል አደረገው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሁለቱ አብረው የሚዘፍኑት አዝማቹን ብቻ ነው፣ እሱንም በአንድ ዜማ ወይም በኦክታቭ ልዩነት። በሠርግ ቤት አውጪና ተቀባይ ሆኖ ያላደገ ሰው ስለሌለ ዝነኞቹ መግቢያቸውን ሳይቆጥሩ ያገኙት ጀመር። ለኮሜዲያኑ ከዚህም የተሻለ ሆነ፤ አጣማሪው በአዝማሪ ቤት ያደገ በመሆኑ ስንኝ እየወረወረለት እሱ ደግሞ መልሱን እየገጠመ የሚሄዱበት ክፍል ገባ። ይህ ክፍል የሚቆይበት ጊዜ ለካሜራ ሲባል መገደብ ስላለበት ከበሮ መቺው ምልክት ሲሰጥ እንዲዘጉት ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ በልምምድ ላይ ግን አንድም ጊዜ አልዘጉትም።

የሐይቁ ዳር ሙከራ

ዳይሬክተሩ ጣና ከዘፋኞቹ ጀርባ እንዲታይ ይፈልጋል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ስለዚህ ዘፋኞቹ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሲሰጡ የራሳቸው አካል ማይኩን ይከልለዋል። በድምፅ በኩል ይህ ተስማምቶናል። የተጎዳው የመድረኩ የጀርባ ሸራ ነው፤ እንደ ጀልባ ሸራ ተነፍቶ የተተከለበትን ብረት አጎበጠው። ሸራው ወርዶ በምትኩ መሐል መሐሉ ክፍት የሆነ የሸምበቆ አጥር ቆመ፤ ነፋሱን ያሳልፋል፣ ለዓይንም ከሸራው ይሻላል። ለማይኮቹ የተሠራላቸው የስፖንጅ ክዳን ተገዝቶ አልበቃ ስላለ ከፍራሽ ስፖንጅ ተቆርጦ ተጨመረ፤ በሚክሰሩም ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ከድምፃውያኑ ማይኮች ሁሉ ተቆረጠ። ከበሮውና ቤዙ ብቻ ሳይቆረጡ ቀሩ።

ጀነሬተሩ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠን። ነፋሱ ከሐይቁ ስለሚመጣ ጩኸቱንና ጭሱን ይዞልን እንዲሄድ በማለት ጀነሬተሩን በስተደቡብ፣ በከተማው በኩል ካለው የግንብ አጥር ኋላ አስቀመጥነው፤ ከሰዓት በኋላ በተደረገው የድምፅ ፍተሻ ላይም ድምፁ ፈጽሞ አልተሰማም። ይሁን እንጂ ፀሐይ ከገባች በኋላ መሬቱ ከሐይቁ ይልቅ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ፊቱን ያዞራል። የሬዲዮ ጋዜጠኛው ቀስ ያለውን የግማሽ ባቲ ዜማ ሲጀምር የናፍጣው ሽታና የሞተሩ ድምፅ አብረው መድረኩ ላይ ደረሱ። አሁን ጀነሬተሩ ከመድረኩ በስተምሥራቅ፣ ለሐይቁ ዳርቻ ትይዩ ሆኖ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ስለሚቀንስ ረጅም ገመድ መግዛቱ ከማንኛውም መከለያ ይሻላል። ገመዱ 9,000 ብር ፈጀ። ጀነሬተሩ በምሽት 6,000 ብር፣ ከናፍጣው ውጭ። መብራት ሲጠፋና ጀነሬተሩ እስኪቀበል ድረስ ዲጂታል ሚክሰሩ ጠፍቶ እንደገና ለመነሣት ደቂቃዎች ስለሚወስድበት ለእሱ ብቻ የሚሆን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ተዋስን።

ትንኞቹን በተመለከተ ያደረግነው ነገር ቢኖር በጣም ደማቅ የሆነ ነጭ መብራት ከመድረኩ ራቅ አድርጎ በውሃው ዳር ማብራት ነው፤ አብዛኞቹ ወደዚያ ይሄዳሉ። ማይክ ላይ አፉን ከፍቶ የሚዘፍን ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር አያየውም።

ሞኒተር

ዝነኞቹ ከኪይ የሚወጡበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን አለመስማታቸው ነው። ሙያተኛው በሞኒተሩ (ዘፋኙ ራሱንና ባንዱን በሚሰማበት ስፒከር) ውስጥ ድራሙንና ቤዙን ይፈልጋል፤ ዜማውን በልቡ ስለያዘው የሚቸግረው ነገር የለም። ዝነኛው ተመሳሳዩን ሲሰጠው ድራሙ ይውጠዋል፣ ከዚያ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ኖታው ወደ ላይ ይሳባል። ለሁለቱ አንድ ሞኒተር አስቀምጠን ነበር፤ ለየብቻ አደረግነውና በዝነኛው በኩል የራሱ ድምፅ፣ የአጣማሪው ድምፅና ክራሩ ከፍ ብለው፣ ድራሙ እስከማይሰማ ድረስ ዝቅ አለ። የጆሮ ውስጥ ሞኒተር ይህን ሁሉ ይፈታው ነበር፤ በጀቱ ግን አይደርስበትም።

ሁለቱም ሹር ኤስኤም 58 ይዘዋል። ይህ ማይክ ከፊቱ ያለውን ይወስዳል፣ ከጅራቱ በኩል ያለውን ይተዋል፤ ስለዚህ ሞኒተሩ በትክክል ከማይኩ ጀርባ ሲቀመጥ አይጮኽም። ኮሜዲያኑ ግን የማይኩን ራስ በመዳፉ ጨብጦ ነው የሚዘፍነው፤ ራሱ ሲጨበጥ ማይኩ ከየአቅጣጫው መውሰድ ይጀምራልና ወዲያው ፊሽካ ይነፋል። መክረነዋል፣ ማይኩ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፈን ከዚህ በላይ አትያዝ ብለነዋል። በሙዚቃ መሐል ይረሳዋል። በመጨረሻ በእሱ ጥንድ ጊዜ ብቻ ሞኒተሩን ከሌሎቹ በ4 ዴሲቤል ዝቅ አድርገን አለፍነው።

የፈጠነው ዘፈን

ኪቦርድ ተጫዋቹ ሥራ ቀን ላይ በዋለ ሠርግ ምክንያት በቀረበት ምሽት አንድ ጥንድ በተቀዳ ሙዚቃ እንዲዘፍን ተደረገ። በልምምድ ላይ በስልክና በትንሽ ስፒከር እየሰሙ በደንብ የሠሩት ዘፈን መድረክ ላይ ሲወጣ ዝነኛው ከፍተኛውን ኖታ ማግኘት አቃተው። ሁሉም ፍርሃት ነው አለ። አጣማሪው ድምፃዊ ብቻ «ዘፈኑ ራሱ ከፍ ብሏል» ብሎ ተከራከረ፤ የሚሰማው አላገኘም።

ነገሩ የታወቀው በሰዓት ነው። 4 ደቂቃ የነበረው ሙዚቃ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ አለቀ። ፋይሉ የተቀዳው በሰከንድ በ44,100 ናሙና (ድምፁ በዲጂታል ሲቀዳ በሰከንድ የሚለካበት ብዛት) ሲሆን ሚክሰሩ ለቴሌቪዥን እንዲስማማ በ48,000 ላይ ተስተካክሎ ነበር፤ ፋይሉን ሳይቀይር በራሱ ፍጥነት ሲያጫውተው ወደ 9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ኪዩም አንድ ግማሽ ቶንና የሌላውን ግማሽ ያህል ይወጣል። ለሙያተኛ ይህ ምቾት የሚነሳ ነገር ነው፤ ለዝነኛው ግን በጥንቃቄ ያወረድንለትን ኪይ ባንድ ጊዜ መንጠቅ ነው። ጥንዱ በሚቀጥለው ሐሙስ ያለ ነጥብ ቅጣት እንደገና እንዲዘፍን ዳኞቹ ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ፋይል ወደ ሚክሰሩ ከመግባቱ በፊት በ48,000 ይቀየራል፣ ርዝመቱም በወረቀት ላይ ከተጻፈው ጋር ይተያያል።

ካሜራውም በዚያው ምሽት የራሱ ጉዳይ ነበረው። አንደኛው ካሜራ ለ60 ኸርዝ ተስተካክሎ ስለመጣ የተከራየናቸው ኤልኢዲ መብራቶች በምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ሠሩ፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሦስቱም ካሜራዎች በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተራቸውም 1/50 ላይ ተደረገ።

ነጥብ አሰጣጥ

ዳኞቹ መጀመሪያ የተሰጣቸው ቅጽ ለጥንዱ ባጠቃላይ ከ10 የሚሰጥ ነበር። ውጤቱ ሲታይ ዳኞቹ የለኩት የሙያተኛውን ድምፅ ሆኖ ተገኘ፤ ጠንካራ ድምፃዊ የደረሰው ዝነኛ ምንም ሳይሠራ አለፈ። ቅጹ ተከፍሎ 7ቱ ነጥብ ለዝነኛው ብቻ፣ ማለትም ለኪይ፣ ለምት፣ ለመግቢያና ለቃል ጥራት፣ 3ቱ ደግሞ ለቅብብሉ ሆነ። ለሙያተኛው ብቻ የሚሰጥ ነጥብ የለም።

የተመልካቹ ድምፅ አሰጣጥ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማድረግ ከበጀታችን በላይ ስለሆነ ለታዳሚው ካርድ ይታደላል። በረኛው የሚዘፍኑበት ምሽት ደጋፊዎቻቸው ማልያ ለብሰው ቀድመው ወንበሩን ያዙት፤ እሳቸውም በዚያ ምሽት ከሁሉ ደካማውን ዘፍነው አንደኛ ወጡ። እኔ በግሌ ይህን እንደ ጥፋት አላየውም፣ ዝነኛ መጋበዝ ማለት ተከታዩንም መጋበዝ ነው፤ ነገር ግን ሌሎቹ ጥንዶች መለማመዳቸውን ትርጉም የሚያሳጣ እንዳይሆን አንድ ደንብ ገባ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥንዶች መጻፍ አለባቸው፤ አንድ ብቻ የተጻፈበት ካርድ አይቆጠርም። የማልያዎቹ ካርዶች ሁለተኛ ድምፃቸውን ለሌላ ሰው መስጠት ሲኖርባቸው በእውነት ለሰሙት ሰጡ፤ በዚያ ሳምንት ተዋናይቷ ያለፈችው በእነሱ ሁለተኛ ድምፅ ነው።

ከቅበላ በኋላ፣ ማስተካከያ ክፍል

ፕሮዲዩሰሩ ከመተላለፉ በፊት የዝነኞቹን ድምፅ በኪይ ማረሚያ ሶፍትዌር «ትንሽ ብናቀናው» ሲል ጠየቀ። ለሙከራ ያህል የአንቺሆዬውን ጥንድ ወሰድን። ሶፍትዌሩ ሜጀር ስኬል ላይ እንደተቀመጠ አንቺሆዬ ከመነሻው በግማሽ ቶን የሚወጣባትን ሁለተኛ ድምፅ ስህተት መስላው ጎትቶ ወደ መነሻው ከተታት፤ ዘፈኑ የሌላ አገር ዘፈን ሆነ። አምስቱን ድምፆች በእጅ መርጦ ማስገባት ይቻላል፤ ተሞክሮም ኖታዎቹ ቦታቸውን ያዙ፤ ድምፃዊው ከኖታ ወደ ኖታ እየተንሸራተተ የሚያዋዝበት ግን እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ቀረ። ከዚህም ሌላ ዳኞቹና ታዳሚው ነጥብ የሰጡት ለሰሙት ድምፅ ሆኖ ሳለ የቤት ተመልካች ሌላ ድምፅ ቢሰማ ውጤቱ አድሎ ይመስለዋል። ስለዚህ ኪይ አይታረምም፤ የሚስተካከለው የድምፅ መጠን ብቻ ነው ተብሎ ተጽፎ ተፈርሟል።

የመጠኑ ሥራ የሚሄደው አር 128 በተባለው የአውሮፓ የስርጭት ኅብረት የድምፅ መጠን መመሪያ መሠረት ሲሆን አማካዩ ከዜሮ በታች 23 ኤልዩኤፍኤስ (ለጆሮ የሚሰማው የድምፅ መጠን መለኪያ)፣ ጫፉ ከዜሮ በታች 1 ዴሲቤል ነው። ጭብጨባው ከዘፈኑ በላይ እየሄደ ስላስቸገረ የታዳሚው ማይኮች በዘፈን ጊዜ በ10 ዴሲቤል ዝቅ ብለው ዘፈኑ ሲያልቅ ይነሣሉ፤ የማልያዎቹ ጭብጨባ ለብቻው በ14።

የፍጻሜው ቀረጻ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል። የቀሩት ሦስት ጥንዶች ኪይ ቢ ፍላት፣ ዲና ኢ ፍላት ነው። የዲውና የኢ ፍላቱ በዕረፍቱ ጊዜ ድምፃቸው ሊሰፋም ሊጠብም ስለሚችል ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንደገና ይለካሉ፤ የበረኛው ግን እንዳለ ይቆያል፣ ድምፃዊቷም በቢ ፍላት ለመዝፈን ተስማምታለች። እስከዚያ ለሁለተኛው ክራር መለዋወጫ ክር፣ ለማይኮቹ የተሠራ የነፋስ ክዳን፣ ለጀነሬተሩም ተጨማሪ ገመድ ይገዛል።